ክሩ ጠበቅ፣ ክሩ ላላ፦ ልጆችን በአሻንጉሊት ሠሪው ታሪክ አማርኛ ማስነበብ

ትልቋ ልጄ አምስት ዓመቷ እያለ የፊደል ገበታውን ከሀ እስከ ፐ እንደ ዘፈን ታወርደው ነበር፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር "እስቲ በያቸው" እንላታለን፣ ያጨበጭባሉ፣ እኔም ኩራቴ ሌላ ነው። አንድ ቀን ከሀበሻ ሱቅ ያመጣሁት የሽሮ ከረጢት ላይ "ሮ"ን አሳይቼ ይሄ ምንድነው ስላት ዝም አለች፣ ከዛ ጣቷን እያጠፈች በሹክሹክታ "ረ ሩ ሪ ራ ሬ ር…" ብላ "ሮ!" አለችኝ። ሽሮ የምትለዋን ሁለት ፊደል ለማንበብ ሻይ ይፈላ ነበር። ያኔ ነው የገባኝ፣ ልጅቷ ዘፈን ነው የምታውቀው እንጂ ፊደል አይደለም።

የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። የታንክስጊቪንግ (የአሜሪካኖች የምስጋና በዓል) ቀን ጠዋት ሜሲስ የሚባለው ትልቅ ሱቅ ኒውዮርክ ላይ የሚያካሂደውን ፓሬድ፣ የጎዳና ሰልፉን ማለቴ ነው፣ በቲቪ ስናይ "እነዚያን ትልልቅ ፊኛዎች ማነው የሠራቸው?" ብላ ጠየቀችኝ፣ እኔም አላውቅም ነበርና ስፈልግ ቶኒ ሳርግ የሚባል አሻንጉሊት ሠሪ አገኘሁ። የሰውዬው ሕይወት እንዳለ ለፊደል ማስተማሪያ የተሠራ ነው የሚመስለው። አሁን ሁለተኛ ልጄንና የእህቴን ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ በሱ ታሪክ ነው የማስነብበው፣ ከአራት ዓመት ተኩል እስከ ሰባት ላሉት ጥሩ ይሄዳል። እንዴት እንደማደርገው ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ታሪኩን እናንተ በቃላችሁ እወቁት፣ ወረቀት እያያችሁ ከተረካችሁ ልጆቹ ወዲያው ይነቁባችኋል። ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው። ቶኒ በ1880 ጓቲማላ ውስጥ ኮባን የሚባል ከተማ ተወለደ፣ አባቱ ጀርመናዊ እናቱ እንግሊዛዊት፣ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው ቤተሰቡ ወደ ጀርመን ተመለሰ። እዛ አድጎ መኮንን ሆነ፣ ግን ልቡ ሥዕልና አሻንጉሊት ላይ ነበር፣ በ1905 ወታደርነቱን ትቶ ለንደን ሄደ፣ በ1915 ደግሞ አሜሪካዊት ሚስቱንና ልጁን ይዞ ኒውዮርክ ገባ። ይሄንን ክፍል ቶሎ እለፉት፣ ካርታ ላይ አራቱን ሀገር በጣት ማሳየት ይበቃል። የኔዎቹ የያዙት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ "እሱም ቤቱ ውስጥ ሁለት ቋንቋ ነበረው?" አሉኝ፣ አዎ ስላቸው በቃ ዘመድ አደረጉት።

ዋናው የዶሮዎቹ ነገር ነው። ቶኒ ስድስት ዓመቱ ላይ አባቱ በጠዋት እየተነሳህ የዶሮዎቹን በር ክፈት፣ ጥሬም ስጣቸው ብሎ አዘዘው። ልጁ ደግሞ እንቅልፍ ይወዳል (የማይወድ አለ?)። እና ምን አደረገ መሰላችሁ፣ ጥሬውን ማታ በትኖ አደረ፣ ከዶሮ ቤቱ በር እስከ አልጋው ድረስ በፑሊ (ገመድ በሚያሳልፍ መሽከርከሪያ) አድርጎ ገመድ ዘረጋ፣ ጠዋት አልጋው ላይ እንደተጋደመ ገመዱን ሳብ ሲያደርገው በሩ ተከፈተ፣ ዶሮዎቹም ወጥተው ቁርሳቸውን በሉ። አባትየው ከመቆጣት ይልቅ ተገርሞ ቀረ ይባላል።

ይሄንን ከተረካችሁ በኋላ ወዲያው ፊደል አታውጡ። መጀመሪያ ሥሩት። የጫማ ካርቶን አምጡና አንዱ ጎን ላይ በር ቅደዱ፣ በሩ ጫፍ ላይ ክር እሰሩ፣ ክሩን ወንበር ጀርባ ላይ ባሰራችሁት ባዶ የክር መጠቅለያ ላይ አሳልፉት፣ ሌላኛውን ጫፍ ሶፋ ላይ ለተኛው ልጅ ስጡት። ከካርቶኑ ውስጥ ዶሮዎቹ አሉ፣ ማለቴ "ዶሮ" ተብሎ በትልቁ የተጻፈባቸው ቁርጥራጭ ወረቀቶች። ልጁ ይስባል፣ በሩ ይከፈታል፣ አንድ ዶሮ ታወጣላችሁ፣ ካነበበው ዶሮዋ ጥሬ በላች ማለት ነው። እኛ ቤት ለጥሬ ቆሎ ነው የምንጠቀመው፣ ዶሮዎቹ ሳይደርሱበት ያልቃል ግን ምንም አይደል።

ለምን ዶሮ? ሁለቱም ፊደል ሳብዕ ነው፣ ሰባተኛው ማለት ነው፣ ዶ ሮ፣ አፍ ሞጥሞጥ ብሎ ሁለት ጊዜ "ኦ፣ ኦ"። ልጁ ፊደሉን ባያውቀው እንኳን አፉ ያውቀዋል። ቀጥሎ በር፣ ከዛ ሳበ፣ ከዛ ገመድ፣ ከዛ አልጋ፣ በዚ ቅደም ተከተል። አንድ ቅዳሜ ከአራት ቃል በላይ አልሄድም፣ የኔ እናት ግን በስልክ "ገና ዶሮ ላይ ናችሁ?" እያለች ታስቸግረኛለች። እሷ መሪጌታ ፊት ቁጭ ብላ በአርጩሜ የተማረች ናት፣ ፊደል፣ አቡጊዳ፣ መልእክተ ዮሐንስ እያለች የወጣች፣ እና ከገበታው ውጪ መጀመር ለሷ ቤት ከጣሪያ መሥራት ነው። ገበታውን እኮ አልጣልኩትም፣ ግድግዳው ላይ አለ። ልጁ ዶሮን ካነበበ በኋላ ሄዶ ዶን ከነቤተሰቧ ገበታው ላይ ይፈልጋታል፣ በቃ፣ ገበታው የአድራሻ ደብተር ነው።

ቀጥሎ ያለው ግን ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው ነው። ቶኒ ኒውዮርክ ላይ ስሙን ያስጠራው ባለ ክር አሻንጉሊት በመሥራት ነው፣ ከላይ በክር የሚንቀሳቀሰው ዓይነት፣ እጁ ላይ አንድ ክር ጉልበቱ ላይ አንድ ክር። አሁን የኛን ፊደል እዩት። በ አለች፣ ሁለት እግር ያላት ሰውዬ ናት። ከካርቶን ትከሻዋን አንድ ቁራጭ፣ እግሮቿን ሁለት ቁራጭ አድርጋችሁ ቁረጡና በመርፌና ክር አያይዟቸው፣ እግሮቹ ላይ ወደላይ የሚወጣ ክር አስሩ። ሁለቱም እግር መሬት ሲረግጥ በ። የግራ እግሯን ሳብ፣ ባ። የቀኝ እግሯን ሳብ፣ ቦ። ወገቧ ላይ በቀኝ በኩል ትንሽ ካርቶን ለጥፉ፣ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች፣ ቡ። ያንኑ ወደ እግሯ አውርዱት፣ ጫማ አደረገች፣ ቢ። ቀለበት አድርጋችሁ እግሯ ላይ፣ አልቦ አደረገች፣ ቤ። ግራ ጎኗ ላይ ክርኗን አወጣች፣ ብ። አካሉ ያው ነው፣ የተሳበው ክር ነው የሚለየው። ሰባት ፊደል በሃያ ደቂቃ፣ ያውም እየሳቁ። ልጄ ባንና ቦን ስትቀላቅል ዓመት ሙሉ ስናገር ያልገባት በዚች አንድ እግር በማንሳት ነው የገባት፣ አሁንም ስታነብ ጠረጴዛ ሥር እግሯን ስታነሳ አያታለሁ።

ሰ እና ከም በዚሁ ይሄዳሉ። ለ ላይ ስትደርሱ ሎ እግር አታነሳም፣ አናቷ ላይ ቀለበት ታደርጋለች፣ "ይቺ ባርኔጣ ነው የምትወደው" በሉና እለፉ። ረ እና ፈ ከነጭራሹ በራሳቸው መንገድ ነው የሚሄዱት፣ ክር ልሰርላቸው ብላችሁ አትድከሙ። ሳድስ፣ ስድስተኛው፣ ሁሌም አመለኛ ነው። ሐ እና ኀን፣ ሠን፣ ዐን፣ ፀን ለጊዜው ደብቋቸው፣ ስድስት ዓመት ልጅ ፊት አንድ ድምፅ በአራት ልብስ ማምጣት ግፍ ነው።

ሳድስ ካልኩ አይቀር፣ "ክር" የሚለውን ቃል እዚጋ ነው የምናስነብበው፣ ልጆቹ "ኪር" ይላሉ፣ ወይ ደግሞ "ክ… እ… ር… እ" ብለው ይቆርጡታል። ሁለቱም ሳድስ ናቸው፣ የመጀመሪያው ግን ትንሽ ድምፅ አለው፣ ሁለተኛው ዝም ነው። ሕጉን አታስረዱ። እናንተ በቶሎ በሉት፣ እሱ ይድገም፣ ድመት፣ ግመል፣ ክር፣ አስር ጊዜ ከሰማ ጆሮው ይይዘዋል።

አሁን ደግሞ ማጥበቅና ማላላት። እዚ ውጪ ሀገር ያሉ ልጆች የሚወድቁት እዚች ላይ ነው፣ ምክንያቱም ጽሑፋችን አያሳየውም፣ የሀገር ቤት ልጅ ከጆሮው ያመጣዋል፣ የኛዎቹ ጆሮ ግን ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። "ቶኒ እሺ አለ" እና "በሩ ላይ ገመድ አለ"፣ ሁለቱም አለ። ልጄ ሁለቱንም አላልታ አንብባ "ገመዱ ምን አለ?" ብላ ጠየቀችኝ፣ ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። ደግነቱ ቋንቋችን ራሱ መልሱን አስቀምጦልናል፣ ይጠብቃል ይላላል ነው የምንለው፣ እንደ ክር! ስለዚ ግማሽ ሜትር የሚሆን ክር ወስዳችሁ አንዱን ጫፍ ልጁ ሌላውን እናንተ ያዙ። አንብቡ። የሚጠብቀው ፊደል ላይ ስትደርሱ ክሩን ሁለታችሁም ወጠር፣ አለፍ ስትሉ ላላ። "ገና ነው" ላላ። "የገና በዓል" ጠበቅ። "ዋና እወዳለሁ" ላላ። "ዋናው በር" ጠበቅ። ጣቱ ላይ ይሰማዋል። መጀመሪያ እናንተ ናችሁ የምትስቡት፣ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ልጁ ቀድሟችሁ ይስባል፣ ያኔ ትርጉሙ ገብቶታል ማለት ነው፣ ትርጉሙ ሳይገባ የት እንደሚጠብቅ ማወቅ አይቻልምና።

ከዛ ፓሬዱ። በ1924 ሜሲስ የመጀመሪያውን ሰልፍ ሲያደርግ ከሴንትራል ፓርክ የእንስሳት ማቆያ እውነተኛ እንስሳት ተውሶ ነበር፣ ዝሆን ግመል ምናምን፣ ከሰልፈኞቹም ብዙዎቹ ከአውሮፓ የመጡ ስደተኞች የነበሩ የሱቁ ሠራተኞች ናቸው። እንስሳቱ ግን ሕፃናቱን አስፈራሩ። ለሱቁ የመስኮት አሻንጉሊቶችን ይሠራ የነበረው ቶኒ በቦታቸው ሌላ ነገር አምጣ ተባለ፣ እና ነገሩን ገለበጠው፦ አሻንጉሊቱ ከላይ፣ ክሩና ሰዎቹ ከታች። በ1927 ትልልቆቹ ፊኛዎች መንገድ ላይ ወጡ፣ ኦሃዮ አክረን ያለው የጎማ ፋብሪካ ጉድይር ነው የሠራቸው፣ ከነሱም አንዱ የካርቱኑ ድመት ፊሊክስ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ሰልፉ ሲያልቅ ሂሊየም የሞሉትን ፊኛዎች ወደ ሰማይ ለቀቋቸው፣ አግኝቶ ለመለሰ ሽልማት ተብሎ። ይሄ ልማድ የቆመው በ1932 አንዲት አብራሪነት የምትማር ሴት አውሮፕላኗን ከተለቀቀ ፊኛ ጋር ካላተመች በኋላ ነው (ሴትየዋ ተርፋለች፣ ቶሎ ንገሯቸው፣ አለዚያ ማታ ሁሉ ትጠየቃላችሁ)።

ለዚህኛው የሂሊየም ፊኛ ግዙ፣ ክሩ ላይ የቃል ካርዶች በልብስ መቆንጠጫ ስቀሉ፦ ፊኛ፣ ድመት፣ ዝሆን፣ ሰማይ፣ ፊሊክስ። ካርድ ሲሰቀልበት ፊኛው ይወርዳል፣ ልጁ አንብቦ ሲያነሳው ከፍ ይላል። ሁሉንም ካነበበ ጣሪያ ይነካል። ቀላል ካርድ ተጠቀሙ፣ እኔ መጀመሪያ በወፍራም ካርቶን ጽፌ ፊኛው ከመሬት አልነሳ ብሎ ትንሹ ልጄ አለቀሰ። ውጪ አትልቀቁት፣ ሲፈነዳም ቁርጥራጩን ቶሎ ሰብስቡ፣ ሕፃን አፉ ውስጥ ይከተዋል።

በመጨረሻ የራሱ መጽሐፍ ይኑረው። ሁለት ወረቀት ለሁለት እጠፉና መሐሉን በክር ስፉት፣ ስምንት ገጽ ይሆናል፣ በገጽ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ፣ ሥዕሉ የልጁ። የኛ እንዲ ነው የሚለው፦ ቶኒ ልጅ ነው። ዶሮ አለ። በሩ ዝግ ነው። ቶኒ አልጋ ላይ ነው። ገመድ ሳበ። በሩ ተከፈተ። ዶሮ በላ። ቶኒ ተኛ። ሲሳሳት ወዲያው አታርሙት፣ ካልሲ እጃችሁ ላይ አድርጋችሁ ሁለት ቁልፍ ለዓይን ሰፍታችሁበት አሻንጉሊቱ "አልገባኝም፣ እስቲ ድገምልኝ" ይበለው። እናት ስታርም ይኮርፋል፣ ካልሲ ሲጠይቅ ያስረዳል። ሀገር ቤት ያላችሁ ይሄ አዲስ አይሆንባችሁም፣ ብሩክታዊት ጥጋቡ የምትባል መምህርት ናት ከባሏ ጋር ፀሐይ የተባለችውን ቀጭኔ አሻንጉሊት ሠርታ በቲቪ ልጆች ስታስተምር የነበረችው።

ከሰለቻቸው ደግሞ የባሕር ጭራቁን አውጡ። በ1937 አሜሪካ ውስጥ ናንተኬት የምትባል ደሴት ላይ የባሕር ጭራቅ ታየ ተብሎ ወሬ ተነዛ፣ አሸዋው ላይ ግዙፍ የእግር ኮቴ ተገኘ፣ ጋዜጣ ጻፈበት፣ በኋላ ጭራቁ ሲመጣ ለካ የቶኒ ፊኛ ነው። እኛ ቤት ቅዳሜ ማታ ኩሽና ወለል ላይ ዱቄት ነስንሼ የእግር ኮቴ እሠራለሁ፣ በየኮቴው ውስጥ አንድ አንድ ፊደል በጣቴ እጽፋለሁ፣ ጠዋት ሲነሱ ኮቴውን እየተከተሉ ቃሉን ያገጣጥማሉ፣ ቃሉም ጭራቁ የተደበቀበት ቦታ ነው፣ ምድጃ፣ ጓዳ፣ ሳጥን። ዱቄቱን ስታነሱ መጀመሪያ በደረቁ ጥረጉት፣ እርጥብ ጨርቅ ካስቀደማችሁ ሊጥ ይሆንባችኋል።