ጭርቱ ሲቀቡት ይጠፋል፣ ሲተዉት ይመለሳል፦ ችግሩና መፍትሄው

ደብረ ማርቆስ ፋርማሲ ውስጥ ስሠራ፣ በገበያ ቀን የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የመድኃኒቱን ስም አይጠራም። ከጋቢው ጫፍ የቋጠረውን፣ ተጨምቆ ያለቀ ቱቦ ፈትቶ ያወጣና «ይኼኑ ስጠኝ» ይላል። እኔም መጀመሪያ የማየው ቱቦው ላይ የተጻፈውን ነው።

ማሳከኩ ወዲያው ይቆማል፣ ጭርቱ ግን ይሰፋል

አንድ አዛውንት እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን አሳዩኝ። ጭርት የሚታወቅበት ክብ ጠርዝ ጠፍቷል፤ ቀይ ነጠብጣብ እስከ ክርናቸው ወጥቷል፤ ቆዳቸው ከመሳሳቱ የተነሳ ደም ሥራቸው ይታያል።

«አባባ፣ ቱቦውን እስቲ ያሳዩኝ።»

«ልጄ፣ ማሳከኩንማ በአንድ ሌሊት ነው ያበረደልኝ።»

ክሎቤታሶል ይላል። ይህ ስቴሮይድ ነው፤ ጭርት የሚያመጣውን ፈንገስ አይገድልም። መቅላቱንና ማሳከኩን ያስታግሳል፣ በዚያው ልክ የቆዳውን መከላከያ ያዳክምና ፈንገሱ እንዳሻው ይስፋፋል። ቤታሜታሶንም እንዲሁ ነው። ጎረቤት «እኔን ፈውሶኛል» ብሎ የሚያውሰው ቱቦ በጣም የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው።

መፍትሄው እንደ ክሎትሪማዞል 1 በመቶ ያለ ፈንገስ ገዳይ ቅባት ነው። ቦታውን አጥበው በደንብ ያድርቁ፤ በቀን ሁለት ጊዜ ስስ አድርገው፣ ከቁስሉ ጠርዝ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል አልፈው ይቀቡ። ቆዳው ከጠራ በኋላም ሁለት ሳምንት ይቀጥሉ፤ ፈንገሱ ለዓይን ከጠፋ በኋላም ይቆያልና። ስቴሮይዱን ለወራት ሲቀቡ ከቆዩ ግን መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይታዩ።

ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ ማሰር ቆዳ ያቃጥላል፤ ውኃ የቋጠረ ቁስል ይዘው የመጡ አይቻለሁ። በክረምት ቦት ጫማ ሲያደርጉ የሚውሉ ደግሞ ማታ የጣቶቻቸውን መካከል ያድርቁ፣ ካልሲውን አጥበው ፀሐይ ላይ ያስጡ።

የልጁ ቆረቆር በቅባት አልድን አለ

ፈንገሱ ያለው የፀጉሩ ሥር ውስጥ ነው፤ ቅባት አይደርስበትም። ጤና ባለሙያ በልጁ ክብደት ልክ የሚያዘው ክኒን ያስፈልጋል። ግሪሲዮፉልቪን ከሆነ ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ በደንብ ይሰርጻል፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወሰዳል። ነፍሰ ጡር አትወስደውም።

ቋቁቻው ታክሞም ነጩ አልለቀቀም

ፈንገሱ ሞቶም የቆዳው ቀለም እስኪመለስ ወራት ይፈጃል፤ መድኃኒት መደራረብ አያስፈልግም። ነጣ ያለው ቦታ ሲነኩት የማይሰማዎት ከሆነ ግን ቋቁቻ ላይሆን ይችላል፤ የሥጋ ደዌ ምርመራ ያድርጉ።

አፍ ውስጥ ነጭ ነገር አለ፣ ጠብታውም አልሠራ አለ

ይህም ፈንገስ ነው፤ ጠብታው ኒስታቲን ደግሞ የሚሠራው በነካው ቦታ ብቻ ነው። ጠብ አድርገው ወዲያው ከዋጡት ምላሱን ሳይነካ ያልፋል። ከምግብ በኋላ፣ በቀን አራት ጊዜ፣ አፍ ውስጥ እያንከባለሉ በተቻለ መጠን አቆይተው ይዋጡ፤ ነጩ ከጠፋም በኋላ 2 ቀን ይቀጥሉ። ለሕፃን ከጠባ በኋላ ግማሹን በአንድ ጉንጩ፣ ግማሹን በሌላው ያድርጉለት። የእናቱም ጡት ጫፍ ካመማት አብራ ትታከም። ለአፍ ፈንገስ የሚሰጠው የሚኮናዞል ጄል ከ4 ወር በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም፤ ጉሮሮውን ሊዘጋው ይችላል።

ለአስም የስቴሮይድ መተንፈሻ የሚጠቀሙ ከሆነ በሳቡ ቁጥር አፍዎን ተጉመጥምጠው ይትፉ። አዋቂ ሰው ያለግልጽ ምክንያት ሲደጋግመው የስኳርና የኤች አይ ቪ ምርመራ ያስፈልገዋል። ሲውጡ የሚያም ከሆነ ጠብታ አይበቃምና በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።

ክኒን ሲታዘዝ

ፈንገስ ገዳዩ ፍሉኮናዞል ደም ከሚያቀጥነው ዋርፋሪን ጋር ደም ያፈስሳል፣ ከስኳር በሽታ ክኒኑ ግሊቤንክላሚድ ጋር ስኳር በድንገት ይጥላል። ሌላው ፈንገስ ገዳይ፣ የኬቶኮናዞል ክኒን፣ ጉበት ስለሚጎዳ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአውሮፓና በአሜሪካ ለቆዳ ፈንገስ እንዳይሰጥ ተብሏል። ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንትዎ ከጠቆረ ክኒኑን አቁመው ይታዩ። እርጉዝ ከሆኑም ሳይጀምሩ ይንገሩን። የሚውጡትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዘው ይምጡ፤ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን አንድ በአንድ እናየዋለን።