ስለ ኤፒጄኔቲክ ውርስ የተጻፈ የኢንተርኔት ኢንሳይክሎፒዲያ ገጽ እንዴት ይመዘናል? በአቦል፣ በቶና፣ በበረካ

ባለፈው እሑድ ደሴ፣ እናቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ቁጭ ብለናል። የእህቴ ልጅ ከስልኩ ቀና አለና «እማማ፣ የ77ቱ ረሃብ እኔም ውስጥ አለ እኮ» አላት። እናቴ በ77 እህቴን አርግዛ ነበር። ያን ዘመን ማንሳት አትወድም። «ማን ነገረህ?» አለችና ጀበናውን አነሳች።

ስልኩን ተቀበልኩት። ስለ ኤፒጄኔቲክ ውርስ፣ ማለትም ኑሮ ጂን ላይ ያሳረፈው ምልክት ወደ ልጅ ልጅ ይተላለፋል ስለሚለው ሐሳብ የተጻፈ የኢንሳይክሎፒዲያ ገጽ ነው። ረጅም ነው፤ የግርጌ ማስታወሻው ብዛት ያስፈራል። እዚያው ቡናው ላይ አብረን መዘንነው። እናንተም ተመሳሳይ ገጽ ካጋጠማችሁ እንዲህ ሞክሩ።

መጀመሪያ ትርጉሙን እዩ። ደህና ገጽ ገና ሲጀምር የዲኤንኤው ፊደል እንደማይቀየር ይናገራል። የሚቀየረው ጂኑ እንዲሠራ ወይም ዝም እንዲል የሚያደርገው ምልክት ነው። ዲኤንኤው ላይ የሚለጠፉ ሜቲል የሚባሉ ኬሚካሎች አሉ፤ ዲኤንኤው የሚጠመጠምባቸው ሂስቶን የተባሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ ትናንሽ አርኤንኤዎችም አሉ። «ረሃብ የጂንን ፊደል ይቀይራል» ካለ ገና በሩ ላይ ተሰናክሏል። ታሪኩንም ቃኙ። ኤፒጄኔቲክስ የሚለውን ቃል በ1942 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ኮንራድ ዋዲንግተን ነው፤ ግን የሚያወራው ስለ ጽንስ እድገት ነበር። ያኔ ዲኤንኤ የውርስ ቁስ መሆኑ እንኳ ገና አልተረጋገጠም። ገጹ ዋዲንግተንን የሜቲል አባት ካደረገው ጸሐፊው ቸኩሏል።

ቀጥሎ ትውልድ ቁጠሩ። እኔ እዚህ ላይ ነው የምቆየው፤ የብዙ ጽሑፍ ጉድ የሚወጣው እዚህ ነውና። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሦስቱም ከአንድ ቡና ነው የሚቀዱት አይደል? እናቴ አቦል ናት፤ ረሃቡን በራሷ አየችው። ሆዷ ውስጥ የነበረችው እህቴ ቶና ናት፤ የእናቷ መሶብ ሲራቆት እሷም ጎደለባት። ሴት ልጅ ደግሞ እንቁላሎቿን ይዛ ነው የምትወለደው። ስለዚህ ይህ ልጅ የተገኘበት እንቁላል መነሻው እህቴ ውስጥ፣ እህቴም እናቴ ውስጥ ነበረች። በረካው እሱ ነው። ሦስቱንም ያው ረሃብ በቀጥታ ነክቷቸው ሊሆን ይችላል። ያ ደግሞ ገና ውርስ አይባልም። ውርስ ለማለት አተላው ተደፍቶ፣ ሌላ ቡና ተቆልቶ፣ የድሮው ጣዕም እንደገና መምጣት አለበት። ያ አራተኛው ትውልድ ነው፤ የዚህ ጎረምሳ ልጅ።

በአባት በኩል ሲሆን ቁጥሩ ያጥራል። ረሃቡ የሚነካው አባትየውንና በውስጡ ያለውን ዘር ነው። ስለዚህ ረሃቡ በቀጥታ ያልነካው የመጀመሪያው ሰው የልጅ ልጁ ነው። ሳይንሱ በቀጥታ የተነካውን ኢንተርጄኔሬሽናል፣ ከዚያ ያለፈውን ትራንስጄኔሬሽናል ይለዋል። ሁለቱን ቃላት እንዳሻው የሚቀያይር ገጽ እምነት አይጣልበትም።

ሦስተኛ፣ ማስረጃው የማን አካል ላይ እንደተገኘ ጠይቁ። በዕፅዋት ላይ ነገሩ ጠንካራ ነው። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኒየስ በ1740ዎቹ እ.ኤ.አ. ያያት አንዲት ለየት ያለች አበባ ነበረች፤ በ1999 እ.ኤ.አ. ሲመረመር ቅርጿን የቀየረው የአንድ ጂን ሜቲሌሽን፣ ማለትም የሜቲል መለጠፍ፣ ሆኖ ተገኘ። አይጥ ላይም ትል ላይም ጥሩ ሥራዎች አሉ። ሰው ጋ ስንደርስ ግን መንገዱ ይጠባል። የሚጠቀሰው አብዛኛውን ጊዜ የ1944–45 እ.ኤ.አ. የሆላንድ የክረምት ረሃብ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት፣ በረሃቡ ወቅት የተጸነሱ ሰዎች ከ60 ዓመት በኋላ አይጂኤፍ2 በተባለ ጂናቸው ላይ ያለው ሜቲሌሽን ከወንድም እህቶቻቸው አንሶ እንደተገኘ አሳየ። ግሩም ጥናት ነው፤ ግን ቶና ነው። ለልጅ ልጅ ማስረጃ አይሆንም። የስዊድኗ ኦቨርካሊክስም አለች። እዚያ የአያቶች የመኸር መዝገብ ከልጅ ልጆች ሞት ጋር ተነጻጽሯል፤ ሜቲሌሽን ግን አልተለካም። ገጹ ይህን ካልነገራችሁ ደብቋችኋል ማለት ነው።

አራተኛ፣ ተቃራኒውን ሐሳብ ፈልጉ። አጥቢ እንስሳት ውስጥ እነዚህ ምልክቶች በብዛት ሁለቴ ይጠረጋሉ፦ ጽንስ እንደተፈጠረ፣ ከዚያም የዘር ሴሎች ሲዘጋጁ። ሌላም ማብራሪያ አለ። የወሎ ገበሬ የልጅ ልጅ ያንኑ በጎርፍ የታጠበ ማሳ ያርሳል፤ ከዚያው ጎተራ ይበላል። ድህነትም ይወረሳል፤ ለዚያ ሜቲል አያስፈልገውም።

የቀረው ቶሎ ያልቃል። ከግርጌ ማስታወሻው ሦስት ያህል ክፈቱ። የጋዜጣ ወሬ ነው ወይስ ብዙ ጥናቶችን የገመገመ ጽሑፍ? ጥናቱ በኋላ ተሽሮስ ቢሆን? የገጹ ዓረፍተ ነገር ከጥናቱ በላይ የሚያወራ ከሆነ እዚያ ላይ ምልክት አድርጉ። ገጹ ዊኪፒዲያ ከሆነ «ቶክ» የሚለውን ተጫኑ፤ ጭቅጭቁ ያለው እዚያ ነው። «ሂስትሪ» ማን መቼ ምን እንደቀየረ ያሳያል። እንግሊዝኛው ላይ ከላይ በስተቀኝ ትንሽ የነሐስ ኮከብ ካለ ገጹ ጠንካራ ግምገማ አልፏል፤ አረንጓዴ የመደመር ምልክትም ደህና ነው። አማርኛ ገጽ ካገኛችሁ ከእንግሊዝኛው ጋር አስተያዩት፤ ሲተረጎም መጀመሪያ የሚወድቀው «ሊሆን ይችላል» የሚለው ነው። ኔትወርኩ እንደ ቶሳ ተራራ ጉም መጣ ሄድ ስለሚል ቀድማችሁ ሴቭ አድርጉት።

ልጁ ገጹን እንደገና አነበበና በጣቱ ቆጠረ። «በረካ ላይ ቆሞ ውርስ ነው ይላል» አለ። ከዚያ «ቶክ»ን ከፈተ። ከሱ በፊት ሌላ ሰው ያንኑ ጠይቆ፣ መልስ የሰጠው የለም። እናቴ «በል ስኒውን አቀብለኝ» አለችው።