ካሴት ውጦ አልተፋም ያለ ቪዲዮ ካሜራ

የድሮውን ካሜራ ከሣጥን አውጥታችሁ ካሴት አስገባችሁ። ሞተሩ ትንሽ አጉረመረመ፣ ቋ አለ፣ ከዚያ ዝም። ማውጫውን ብትጫኑት ወይ ፍንክች!

ይሄኔ እጅ ወደ ካቻቪቴ ይሮጣል። ተዉት። እኔ አንዱን ካሜራ የካሴቱን ቤት በአውራ ጣቴ ገፍቼ ነው ያጣመምኩት፤ ከዚያ በኋላ ለመለዋወጫ ካልሆነ አልረባም። ካሜራ ሌላ ይገኛል። ካሴቱ ላይ ያለው ግን ቅጂ ከሌለው አለቀለት። ስለዚህ ከቀላሉ እንጀምር፣ መፍታት የመጨረሻው ነው።

ውስጡ የሚሆነው እንዲህ ነው። ካሴት አስገብታችሁ ስትገፉት የካሴቱ ቤት ይወርዳል። አንዲት ትንሽ ሞተር ሁለት ምሰሶዎችን ትገፋለች፤ እነሱ ክሩን ከካሴቱ ጎትተው ሄዱ (ምስሉን ከክሩ ላይ የሚያነበው ክፍል) ባለበት ሲሊንደር ላይ ይጠቀልሉታል። የሚኒ ዲቪ (የትንሹ ዲጂታል ቪዲዮ ካሴት) ክር ስፋቱ 6.35 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ ውፍረቱ ከፀጉር ያንሳል። ሲሊንደሩ ደግሞ በደቂቃ 9,000 ጊዜ ይሽከረከራል። ማውጫው ሲጫን ሁሉም ወደ ኋላ ይመለሳል፤ መጀመሪያ ክሩ ይሰበሰባል፣ ቀጥሎ ቤቱ ይነሳል። መሐል ላይ አንድ ነገር ከያዘው ካሜራው ባለበት ይቆማል።

ክዳኑ ይከፈታል፣ ቤቱ ግን አይነሳም፣ ድምፅም የለም

ባትሪውን ጠርጥሩ። ያረጀ ባትሪ ስክሪኑን ያበራል፣ ሞተሩን ለማዞር ግን አቅም ያጣል። ቻርጀሩን ግድግዳ ላይ ሰክታችሁ እንደገና ሞክሩ። ካልሆነ ባትሪውንም ቻርጀሩንም አውጡ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ መልሳችሁ ሰኩ። ካሴት ከታች በኩል የሚገባባቸው ካሜራዎች ደግሞ አንድ አስቂኝ ችግር አለባቸው፦ ትራይፖድ ላይ ከታሰሩ ክዳኑ ሙሉ በሙሉ አይከፈትም። ከትራይፖዱ ስታወርዱት ችግሩ አብሮ ይወርዳል።

የጠብታ ምልክት ወይም ኮድ ይታያል

ካሜራው ከብርድ ወደ ሙቀት ሲገባ ሲሊንደሩ ላይ ጤዛ ይይዛል። እርጥብ ሲሊንደር ላይ ክር ይጣበቃል፤ ካሜራው እንቢ የሚለው ለዚህ ነው። ካሴቱ ከወጣ አውጡት፣ ክዳኑን ክፍት አድርጋችሁ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተዉት። በፀጉር ማድረቂያ አታሙቁት። በሶኒ ካሜራዎች ላይ ከ«ሲ» ፊደል ቀጥሎ 21 ከመጣ ጤዛ ነው፣ 22 ከሆነ ሄዱ ቆሽሿል። 31 ወይም 32 ከሆነ እንቅስቃሴው የሆነ ቦታ ላይ ቆሟል ማለት ነው። ለመጨረሻዎቹ ሁለቱ መጀመሪያ የሚሞከረው ያው ኤሌክትሪኩን ነቅሎ መሰካት ነው።

ቤቱ ግማሽ ድረስ ይነሳና ይመለሳል

ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እንደ ሙጫ የደረቀ ግሪስ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ካሴቱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ተላጦ ጠርዙ ይይዛል። ክዳኑን እስከ መጨረሻው ክፈቱ። የካሴቱ በር ወደ መሬት እንዲያይ ካሜራውን ገልብጣችሁ ያዙና ማውጫውን ተጫኑ፤ የራሱ ክብደት ያግዘዋል። ቤቱን መንካት ካለባችሁ «ግፋ» ተብሎ የተጻፈበትን ቦታ ብቻ፣ ቀስ ብላችሁ። ቤቱ ራሱ ወርዶ ሳይቀመጥ የውጭውን ክዳን መዝጋትም ያጣምመዋል።

ካሴቱ ወጣ፣ ክሩ ግን ውስጥ ቀረ

ከሁሉም የሚያስደነግጠው ይሄ ነው። አትጎትቱ፣ መቀስም አታንሱ። ምክንያቱ ክሩን የሚሰበስበው ጎማ (ክሩ የሚጠቀለልበት ተሽከርካሪ) አለመዞሩ፣ ወይም ክሩን የሚነዳው የላስቲክ ሮለር መጣበቁ ነው። ንጹሕ ጓንት አድርጉ፣ ጫፉ የማይቧጭር ፕላስቲክ ወረንጦ ያዙ። ክሩን ከምሰሶዎቹ አንድ በአንድ አላቅቁ። ከዚያ የካሴቱን ጎማ በእጅ እያዞራችሁ ጠቅልሉት። የተጨማደደው ቦታ ለጥቂት ሰከንድ ምስሉን ይቆራርጠዋል። ይቆራርጠው፤ ቀሪው ተርፏል።

ምንም አልሰራም፣ እንፍታው

ባትሪና ቻርጀር አውጡ። የፎቶ ፍላሽ ያለው ካሜራ ከሆነ እዚህ ላይ አቁሙና ለባለሙያ ስጡ፤ የፍላሹ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል) ካሜራው ከጠፋም በኋላ አደገኛ ቮልቴጅ ይይዛል። ሌላው ጋ ግን ብሎን በፈታችሁ ቁጥር ፎቶ አንሱ፣ ርዝመታቸው ስለሚለያይ ቦታቸውን እንዳታምታቱ። ስስ ሪቦን ኬብሎቹን አትሳቡ።

ምሰሶዎቹን የሚገፋውን ትንሽ ሞተር ፈልጉ። ጫፉ ላይ ብሎን የሚመስል ጥርስ ካለውና ጣት ከደረሰ በእጅ ማዞር ይሻላል፤ ምን እየሆነ እንደሆነ እያያችሁ ትሄዳላችሁ። ካልደረሰ ሽቦዎቹን ከቦርዱ ነቅላችሁ ሁለት የ1.5 ቮልት ባትሪ በተከታታይ አገናኙ፣ ማለትም 3 ቮልት። ለአፍታ አስነክታችሁ አንሱ። ምሰሶዎቹ ወደ ሲሊንደሩ ከሄዱ ሽቦውን አገላብጡ። ወደ ካሴቱ ሲመለሱ ክሩ ይላላል፤ ስለዚህ በየመሐሉ እያቆማችሁ የካሴቱን ጎማ በእጅ አዙሩ፣ አለበለዚያ ከጥርሶቹ መሐል ገብቶ ይቆረጣል።

ካሴቱ ከወጣ በኋላ የደረቀውን ግሪስ በአልኮል ጥረጉ፣ አዲስ ስታደርጉ ስስ አድርጉት። ሄዱን በጥጥ አትንኩ፣ የጥጡ ቃጫ ሄዱን ይይዘውና ይሰብረዋል። የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ጥርስ ካያችሁ ግን ማጽዳት አይመልሰውም፣ መቀየር አለበት።

ገጣጥማችሁ ስትጨርሱ የማትፈልጉት ካሴት አስገቡ። አምስት ስድስቴ አስገብታችሁ አውጡ፣ አጫውቱ፣ ወደ ኋላ አጠንጥኑ። ይሄን ካለፈ ዋናውን ካሴት አስገቡና በመጀመሪያው ማጫወት ላይ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡት፤ የአንድ ሰዓት ካሴት አንድ ሰዓት ይፈጃል።