የክሊንጎኖች ግንባር ክርክር፦ በጅማ ከወዳጆች ጋር በሥርዓት እንዴት ይካሄዳል?

ስታር ትሬክ የተባለውን የአሜሪካ የሳይንስ ልብ ወለድ ተከታታይ የሚወዱ ሰዎች ጅማ ውስጥ ቡና ላይ ሲገናኙ ጨዋታው ብዙ ሳይቆይ ወደ ክሊንጎኖች ግንባር ያመራል። ክሊንጎኖች በተከታታዩ ውስጥ ክብርንና ጀግንነትን ከሁሉ የሚያስቀድሙ የሌላ ዓለም ሕዝብ ናቸው። በ1967 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታዩ ግንባራቸው እንደ ሰው ግንባር ለስላሳ ነበር፤ በ1979 በወጣው ፊልም ግን ከአፍንጫቸው በላይ ተነስቶ ወደ አናታቸው የሚዘልቅ አጥንታማ ሸንተረር ይዘው ብቅ አሉ። ለውጡን የሚያስረዳ አንድም ቃል በፊልሙ ውስጥ ስላልተነገረ አድናቂዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ይህ ጽሑፍ ክርክሩን ወዳጆቹን ሰብስቦ በሥርዓት ማካሄድ ለሚፈልግ ሰው የተዘጋጀ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ጭብጡን መያዝ

ችሎት ጭብጥ ሳይዝ ምስክር እንደማይሰማ ሁሉ፣ የክሊንጎኖችም ነገር ጭብጥ ካልተያዘለት ወደ ጩኸት መለወጡ አይቀርም። ችግሩ ተከራካሪዎቹ አንድ ጥያቄ የሚመልሱ እየመሰላቸው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን መመለሳቸው ነው። አንደኛው ጥያቄ ስለ ሠሪዎቹ ነው፦ ተከታታዩን የሠሩት ሰዎች የክሊንጎኖችን መልክ ለምን ለወጡት? ሁለተኛው ስለ ታሪኩ ነው፦ ክሊንጎኖች በሚኖሩበት ዓለም ውስጥ ግንባራቸውን የለወጠው ምንድን ነው?

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አጭር ነው። በ1960ዎቹ የነበረው የቴሌቪዥን በጀት ጠባብ፣ ጊዜውም ጥድፊያ የበዛበት ስለነበር የሜካፕ ባለሙያው ፍሬድ ፊሊፕስ የተዋንያኑን ፊት በጠቆር ያለ ቀለም፣ በቅንድብና በጺም ለውጦ አቀረባቸው። በ1979 ለሲኒማ የሚበቃ ገንዘብ ሲገኝ ሸንተረሩ ተሠራ፤ በ1984 በወጣው ሦስተኛው ፊልም ደግሞ የአንዱ ክሊንጎን ሸንተረር ከሌላው እንዲለይ ተደረገ። ይህን የተናገረ ሰው ብዙ ጊዜ ክርክሩን የዘጋ ይመስለዋል፤ የዘጋው ግን የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ከባድና የሚያጓጓ ሆኖ ይቀራል፤ ምክንያቱም የኋለኞቹ ደራሲዎች ራሳቸው ተመልካቹ የቀደመውን መልክ እንደሚያስታውስ ስላወቁ ጥያቄውን ከታሪኩ ውስጥ አስገብተው ሊመልሱት ደክመዋል። ስለዚህ «ልብ ወለድ ለሆነ ነገር ምን ያከራክራችኋል?» ለሚል ሰው ተገቢው ምላሽ ደራሲዎቹ ራሳቸው ለጥያቄው መልስ መጻፋቸውን ማሳየት ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰበሰብ ቡድን የሚከተለውን ጭብጥ እመክራለሁ (ማብራሪያው ምን እንደሆነ ከታች ይቀርባል)፦ «በ2005 የቀረበው ማብራሪያ እስከዚያ ድረስ በስክሪን የታየውን ሁሉ ይሸፍናል ወይስ አይሸፍንም?» ጭብጡ በትልቅ ወረቀት ተጽፎ ሁሉም ሊያየው በሚችልበት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

ማስረጃውን ማሰባሰብ

ለዚህ ጭብጥ ዋነኞቹ ማስረጃዎች ጥቂት ክፍሎች ናቸው። የመጀመሪያው በመጋቢት 1967 የተላለፈውና «ኤራንድ ኦፍ መርሲ» የተሰኘው ሲሆን፣ ኮር የተባለውን የክሊንጎን አዛዥ ጆን ኮሊኮስ ተጫውቶታል። ግንባሩ ፍጹም ለስላሳ ነው። ሁለተኛው ከ27 ዓመት በኋላ በ1994 ዲፕ ስፔስ ናይን በተባለው ሌላ የስታር ትሬክ ተከታታይ የቀረበው «ብለድ ኦዝ» ነው። በዚህ ክፍል ኮር፣ ኮሎዝና ካንግ የተባሉት ሦስቱ የ1960ዎቹ ክሊንጎኖች አርጅተው፣ በያኔዎቹ ተዋንያን ተይዘው፣ ነገር ግን ሸንተረር አውጥተው ይመለሳሉ። ልጅ በአባቱ ቦታ ቢተካ ኖሮ የተለያየ ዘር ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ እዚህ ላይ ግን የምናየው አንዱንና ያንኑ ሰው በሁለት ግንባር ስለሆነ ማምለጫ የለም። በእኔ ግምት ከክርክሩ ማስረጃዎች ሁሉ ክብደት ያለው ይህ ነው።

ሦስተኛው በኅዳር ወር 1996 የተላለፈው «ትራያልስ ኤንድ ትሪብል-ኤሽንስ» ነው። የዲፕ ስፔስ ናይን ሰዎች በጊዜ ወደ ኋላ ተጉዘው ባለ ለስላሳ ግንባሮቹን ክሊንጎኖች በዓይናቸው ያያሉ፤ ግራ ገብቷቸውም ሸንተረር ወዳለው ባልደረባቸው ወደ ዎርፍ ዞረው ይጠይቁታል። ማይክል ዶርን የሚጫወተው ዎርፍ ነገሩ ረጅም ታሪክ እንዳለው ያምናል፤ ሲወተውቱት ግን ከባዕድ ጋር እንደማይወያዩበት ነግሯቸው ዝም ይላል። በዚያው ቦታ አንዱ የዘረመል ምህንድስና ይሆን ሲል፣ ሌላው የቫይረስ ነገር ይሆን ብሎ ይገምታል።

አራተኛው ማብራሪያው ራሱ ነው። በየካቲት 2005 ኤንተርፕራይዝ በተባለው ተከታታይ «አፍሊክሽን» እና «ዳይቨርጀንስ» የተባሉ ሁለት ተያያዥ ክፍሎች ቀረቡ። እንደ እነርሱ ትረካ በ2154 ክሊንጎኖች ከሰው ልጅ የተገኘና የተሻሻለ ዘረመል ተጠቅመው ብርቱ ወታደር ለመፍጠር ይሞክራሉ፤ ሙከራው ወደ ተላላፊ ቫይረስ ይለወጥና ሕዝባቸውን ይፈጃል። ፍሎክስ የተባለው ሐኪም ወረርሽኙን የሚያስቆም መድኃኒት ያገኛል፤ ከሞት የተረፉት ግን ሸንተረራቸውን አጥተው ይቀራሉ። በ1996 በሁለት አፍ የተነገሩት ሁለቱ ግምቶች በአንድነት እውነት ሆነው መገኘታቸውን ልብ ይበሉ፤ ደራሲዎቹ የቀደመውን ክፍል በጥንቃቄ እንዳዩት ከዚህ በላይ የሚመሰክር የለም።

ክፍሎቹ ከተመረጡ በኋላ ምስሎቹን በወረቀት ማዘጋጀት ያስፈልጋል። የ1967ቱ ኮርና የ1994ቱ ኮር በተመሳሳይ መጠን ታትመው ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ፣ ከአንድ ሰዓት ንግግር ይልቅ ተሰብሳቢውን ወደ ነገሩ ያስገቡታል። ከዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ ባሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ሲያሳትሙ ጥቁርና ነጭ ከማለት በቀለም ማሳተም ይሻላል። በጥቁርና ነጭ ቅጂ የ1967ቱ ሜካፕ ጠቁሮ ግንባሩን ከጥላ መለየት ያስቸግራል፤ የ1994ቱም ሸንተረር ጥላው ሲዋጥ ከሽማግሌ የፊት መጨማደድ ጋር ይመሳሰላል። እንዲህ ያለ ምስል ይዞ የቀረበ ሰው «ይህ መጨማደድ ነው» የሚል መቃወሚያ ቢነሳበት የሚመልሰው አያገኝም።

ማስረጃውን መመዘን

ማስረጃ ሁሉ እኩል አይመዝንም። ከፍተኛው ቦታ በስክሪን በግልጽ ለታየው ይሰጥ፤ ከእርሱ ቀጥሎ ባለታሪክ በንግግር ያመለከተው ይቆጠር፤ ሠሪዎቹ በቃለ መጠይቅ የተናገሩት ከዚያ በታች ይሁን፤ የአድናቂ ግምት ደግሞ የመጨረሻውን ቦታ ይያዝ። ደረጃው ከክርክሩ በፊት ስምምነት ካልተደረሰበት እያንዳንዱ ወገን የሚያሸንፍበትን ማስረጃ የበላይ አድርጎ ያቀርባል።

አሠራሩን በምሳሌ ማየት ይጠቅማል። ካህለስ የክሊንጎኖች ግዛት ጥንታዊ መሥራች ነው። በ1969 በተላለፈ ክፍል ግንባሩ ለስላሳ ሆኖ ይታያል። ቫይረሱ የተነሳው ከእርሱ ብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ስለሆነ፣ ማብራሪያውን የሚቃወም ሰው «እንግዲህ በሽታው ከመፈጠሩ በፊት የኖረው ሰው ሸንተረሩን የት ጣለው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው በመጀመሪያ ሲሰማ የሚያስደነግጥ ነው። ሆኖም ክፍሉን በጥሞና ያየ ሰው እዚያ የቀረበው እውነተኛው ካህለስ ሳይሆን፣ የሌላ ዓለም ፍጡራን የ1960ዎቹ ተከታታይ ዋና ባለታሪኮች ከሆኑት ከካፒቴን ከርክና ከስፖክ አእምሮ ቀድተው የፈጠሩት ምስል መሆኑን ያስተውላል። ከርክ የሚያውቃቸው ክሊንጎኖች ደግሞ ባለ ለስላሳ ግንባሮቹ ናቸው። ስለዚህ የ1969ኙ ማስረጃ ውድቅ አይደረግም፤ የሚያስረዳው ግን የካህለስን መልክ ሳይሆን ከርክ ካህለስን እንዴት እንደሚስለው ነው። «ታይቷል» ከማለት አልፎ «በማን ዓይን ታየ?» ብሎ መጠየቅ ለየትኛውም የዚህ ዓይነት ክርክር ትልቁ ጥበብ ነው።

የእነ ኮር ጉዳይ እንዲህ በቀላሉ አይፈታም። ሸንተረራቸውን በቫይረሱ ሳቢያ አጥተው ከሆነ በስተርጅና ማን መለሰላቸው? የማብራሪያው ደጋፊዎች የሚጠቅሱት በ«ዳይቨርጀንስ» መጨረሻ አካባቢ ያለችውን አጭር ንግግር ነው፤ አንታክ የተባለው የክሊንጎን ሐኪም የራስ ቅልን መልሶ ወደሚያበጅ ቀዶ ሕክምና ሊገባ እንደሚያስብ ሲናገር፣ ፍሎክስ ሙያው ብዙ ፈላጊ እንደሚኖረው ይመልስለታል። ይህ ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ ኮር ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት ያሳየን የለም። የእኔ ፍርድ ማብራሪያው በቂ ነው፣ ነገር ግን ምሉዕ አይደለም የሚል ነው። ኃይሉም ከቫይረሱ ይልቅ የዎርፍን ዝምታ ማስረዳቱ ላይ ነው። በክብሩ የሚኖር ሕዝብ ከሰው ልጅ ዘረመል ተውሶ ራሱን ለማበርታት ሲሞክር በገዛ እጁ መልኩን ቢያጣ፣ ታሪኩን ለባዕድ ላለማውራት በቂ ምክንያት አለው።

በ2017 የተጀመረው ዲስከቨሪ የተባለው የስታር ትሬክ ተከታታይ ነገሩን እንደገና ያወሳስበዋል። ታሪኩ የሚካሄደው በ2256 ማለትም ከቫይረሱ በኋላ፣ ከ«ኤራንድ ኦፍ መርሲ» ዘመን ደግሞ 11 ዓመት ቀደም ብሎ ሲሆን፣ ክሊንጎኖቹ ግን ጸጉር የሌላቸውና ከቀድሞው የጎላ ሸንተረር ያላቸው ሆነው ይታያሉ። ከላይ የተጻፈው ጭብጥ በ2005 ስለሚያቆም ዳኛው ይህን ማስረጃ ለሌላ ቀን ማሳደር አለበት። ባይደረግ፣ ስለ ዲስከቨሪ መልክ ያላቸውን ቅሬታ የሚያወሩ ሰዎች ቀኑን ይጨርሱታል።

ቦታና ጊዜ

ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰው ይበቃል። የዓርብ ጸሎትና የእሑድ ቅዳሴ የሁሉንም ሰው ጊዜ ስለሚነኩ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የተሻለ ነው። በክረምት ወራት የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ አጠገብ የተቀመጠን ሰው እንኳን መስማት ስለሚያስቸግር፣ ኮርኒስ ያለው ቤት መፈለግ ግድ ነው። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ክፍሎቹ አስቀድመው በላፕቶፕ ላይ ይጫኑ፣ ባትሪውም ይሞላ። በርጩማዎቹ በክብ ይደርደሩ።

ክርክሩን መምራት

ጊዜውን በቡናው መለካት ከሰዓት ይሻላል። አቦል እየተጠጣ ሁለቱ ወገኖች አቋማቸውን ያለ ማቋረጥ ያቅርቡ፤ በቶና ይጠያየቁ፣ ማስረጃም በስክሪን ይታይ፤ በረካ ሲቀዳ አዲስ ማስረጃ መቀበል ይቁምና ማጠቃለያ ይሰማ። አንድ ሰው ላፕቶፑን ብቻ ይያዝ። የሚጠቀሱት ትዕይንቶች ደቂቃና ሰከንዳቸው አስቀድሞ በወረቀት ካልተመዘገበ፣ አንዲት ንግግር ፍለጋ ላይ ቡናው ቀዝቅዞ የክርክሩ ሙቀትም አብሮ ይጠፋል። የተጠቀሰው ንግግር በመጀመሪያ ከስክሪኑ ይሰማ፣ ቀጥሎ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይመለስ። በዕድሜ የገፉ ተሰብሳቢዎች ካሉ ጋሼ፣ ኦቦ ወይም አዴ እየተባሉ ቅድሚያ ያግኙ፤ ይሁንና የሚያቀርቡት ማስረጃ እንደ ማንኛውም ሰው ማስረጃ ይመዘን።

ዳኛው ተከታታዩን አይቶ የማያውቅ ሰው ቢሆን እመርጣለሁ። ሃሳቡ መጀመሪያ ላይ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አድናቂ ያልታየውን ከትዝታው እየሞላ ያያል፤ አዲሱ ሰው ከስክሪኑ የወጣውን ብቻ ስለሚያውቅ «ይህን የት አየነው?» ብሎ ለመጠየቅ አያፍርም። ያች ጥያቄ የግማሹን ተናጋሪ ክርክር ታስተካክላለች።

ፍርዱን መጻፍ

ፍርዱ በቃል ብቻ ከቀረ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁሉም የራሱን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ የተረጋገጠው፣ ያልተረጋገጠውና ለይግባኝ የተተወው ተለይቶ በአንድ ገጽ ይጻፍ። ይግባኝ የሚፈቀደው አዲስ ክፍል ወይም አዲስ ትዕይንት ይዞ ለመጣ ሰው ብቻ ይሁን፤ የቀድሞውን ነገር ጮክ ብሎ መድገም ይግባኝ አይደለም።

ከመበተን በፊት የሚቀጥለው ጭብጥ ይመረጥ። የክሊንጎኖች ደም ቀለም ጥሩ ቀጣይ ነው፤ በቴሌቪዥኑ ቀይ ሆኖ ሲታይ በ1991 በወጣው ስድስተኛው ፊልም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሮዝ ነው። እዚህ ላይ ግን ለቀረጻ ተብሎ የተደረገ ነው ብሎ ማለፍ ያስቸግራል፤ ምክንያቱም በቪዲዮ በተሠራጨው ረዘም ያለ ቅጂ ክሊንጎን መስሎ የቀረበው ነፍሰ ገዳይ ሰው መሆኑ የሚጋለጠው በደሙ ነው፤ ያ ትዕይንት ደግሞ በሲኒማ በታየው ቅጂ ውስጥ የለም። ሁለቱን ቅጂዎች አነጻጽረው የሚመጡ ሁለት ሰዎች በዚያው ቀን ይመደቡ፤ ለክርክሩም ከሁሉ አስቀድሞ የሚወሰነው የትኛው ቅጂ በማስረጃነት እንደሚቀርብ ይሁን።