ስልክ ከመቀየርዎ በፊት፦ ከብራንዱ ጋር ያሰረዎትን ገመድ እንዴት ይለያሉ?

አይፎን የያዘ ሰው ፊት አይፎንን፣ ሳምሰንግ የያዘ ሰው ፊት ሳምሰንግን ቢነቅፉ ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ ስለ ዕቃ የሚሰጥ መልስ አይደለም፤ ዘመዱ የተነካበት ያህል ይከራከራል። ይህን ሞኝነት ብሎ ማለፍ ስሕተት ነው። ታማኝነቱ ከአራት ነገሮች የተገመደ ነው፦ ከወጣው ገንዘብ፣ ከእጅ ልማድ፣ ስልኩ ውስጥ ከተከማቸው ንብረት፣ በዙሪያ ካሉት ሰዎች። አራቱ አብረው ስለሚጎትቱ ባለቤቱ የሚሰማው «ስልኬን እወደዋለሁ» የሚል አንድ ስሜት ብቻ ነው። የሚፈቱት ግን ለየብቻ ነው። አዲስ ስልክ ለመግዛት ካሰቡ አንድ ወር ቀደም ብለው ይጀምሩ። ወረቀት፣ እስክሪብቶና የሌላ ብራንድ ስልክ ለሦስት ሳምንት የሚያውስዎ ጓደኛ ይበቃሉ።

የወጣው ገንዘብ

እ.ኤ.አ. በ1956 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጃክ ብሬም የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሴቶች ለተለያዩ የቤት ዕቃዎች ነጥብ እንዲሰጡ አደረገ። ከዚያ ከሁለት ዕቃዎች አንዱን መርጠው እንዲወስዱ ፈቀደላቸው። ከምርጫው በኋላ እንደገና ነጥብ ሲሰጡ የወሰዱት ዕቃ ነጥብ ከፍ፣ የተዉት ዝቅ አለ። ዕቃዎቹ ያው ናቸው፤ የተጨመረው ነገር መምረጣቸው ብቻ ነው። አንድ ስልክ የብዙ ወር ደመወዝ በሚጠይቅበት አገር ይህ ጉልበት ይበልጥ ይበረታል። ያን ሁሉ ገንዘብ በማይረባ ነገር ላይ አወጣሁ ብሎ ለራስ ማመን ከባድ ነው።

ስለዚህ የፍተሻው መጀመሪያ ስሙን መሸፈን ነው። የማንኛውንም ስልክ ዋጋና ስም ከማየትዎ በፊት የሚፈልጉትን አምስት ነገር ይጻፉ፤ ለምሳሌ ከጠዋት እስከ ማታ የሚቆይ ባትሪ፣ ሁለት ሲም፣ በምሽት ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ፣ እስክሪኑ ቢሰበር በቅርብ የሚገኝ መለዋወጫ፣ ስንት ዓመት የሶፍትዌር ማሻሻያ እንደሚሰጥ። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ጉግል ከፒክስል 8 (2023)፣ ሳምሰንግም ከጋላክሲ ኤስ24 (2024) ጀምሮ 7 ዓመት ቃል ገብተዋል፤ ርካሽ ስልኮች ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው የሚሰጡት። ዝርዝሩን ከጻፉ በኋላ አይለውጡት። ስልክ አይተው ከመጡ በኋላ መስፈርት መጨመር ከጀመሩ ልብዎ አስቀድሞ መርጧል ማለት ነው።

ካሜራን በተመለከተ ዓይንዎን ሳይሆን ስም አልባ ፎቶን ይመኑ። ጓደኛዎ በሁለቱም ስልኮች ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት ስድስት ስድስት ፎቶ ያንሳ፦ ሁለት በቀን ብርሃን፣ ሁለት ከመሸ በኋላ፣ ሁለት የሰው ፊት። ከዚያ አደባልቆ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ያሳይዎ፤ እርስዎ ይምረጡ፤ መልሱን በመጨረሻ ይንገርዎ። ይህ ሙከራ በሦስት ምክንያት ይበላሻል። አንደኛ፣ ፎቶውን በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከላኩት ይጨመቅና ልዩነቱ ይጠፋል፤ እንደ ፋይል ይላኩት። ሁለተኛ፣ የፋይሉ ስም ስልኩን ያሳብቃል፤ ጓደኛዎ ስሞቹን በቁጥር ይቀይር። ሦስተኛ፣ አይፎን በተለመደው አቀማመጡ ኤችኢአይሲ በሚባል ፎርማት ያነሳል፤ አስቀድመው በሴቲንግ፣ ካሜራ፣ ፎርማት ውስጥ «ሞስት ኮምፓቲብል» የሚለውን ይምረጡ፣ በጄፔግ ይሆናል።

የእጅ ልማድ

ይህ በጣም ቀላሉ፣ ግን በጣም አታላዩ ገመድ ነው። በተውሶ ስልክ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀኖች የሚሰማዎት ብስጭት ስለ ስልኩ ጥራት የሚነግርዎ ነገር የለም። አይፎን ላይ ወደ ኋላ ለመመለስ ከግራ ጠርዝ ወደ ውስጥ ይጎትታሉ፤ አንድሮይድ ላይ በጣት እንቅስቃሴ ሲሠሩ ከሁለቱም ጠርዝ ይሆናል። ጣትዎ ይህን እስኪለምድ ሁለት ሦስት ሳምንት ይስጡት። ያስቸገረዎትን ነገር ሁሉ በቀኑ ይጻፉና በሦስተኛው ሳምንት መልሰው ያንብቡ፤ ያኔም የሚያስቸግርዎ ብቻ እውነተኛ ጉድለት ነው። ለአማርኛ ጸሐፊ የሚጨመር አንድ ነገር አለ፦ የለመዱት የግዕዝ ኪቦርድ በሌላኛው ስልክ መኖሩን ከመግዛትዎ በፊት ያረጋግጡ። ፊደል የሚለቀምበት መንገድ ከኪቦርድ ኪቦርድ ስለሚለያይ፣ አዲስ አጻጻፍ መልመድ አዲስ ስልክ ከመልመድ ይልቅ ሊረዝም ይችላል።

የተከማቸው ንብረት

«ብራንዴን አልለቅም» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ መልቀቅ የሚፈራው የአሥር ዓመት ፎቶውን ነው። ይህ በሥራ የሚፈታ ነው። ከአይፎን ወደ አንድሮይድ ለሚሄድ ሰው ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው።

1. ሲሙን ከአይፎኑ ከማውጣትዎ በፊት አይሜሴጅንና ፌስታይምን ከሴቲንግ ያጥፉ። ይህን የረሳ ሰው አይፎን ያላቸው ጓደኞቹ የሚልኩለት መልእክት ላይደርሰው ይችላል፤ ወደ አሮጌው ስልክ መሄዱን ይቀጥላልና። ስልኩ ከእጅዎ ወጥቶ ከሆነ አፕል ቁጥሩን በድረ ገጹ ላይ እንዲሰርዙ ይፈቅዳል፤ ማረጋገጫ ኮድ በኤስኤምኤስ ይመጣል።

2. የዋትስአፕ ንግግሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚሻገሩት በኬብል፣ አዲሱ ስልክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዘጋጅ ነው። አስቀድመው ስልኩን መጠቀም ከጀመሩ ወደ ፋብሪካ ሁኔታው መመለስ ሊኖርብዎ ይችላል። አይክላውድ ላይ ያለውን ባክአፕ አንድሮይድ አያነበውም።

3. ፎቶዎችን ከአይክላውድ ወደ ጉግል ፎቶስ በቀጥታ ለማዛወር በአፕል የግላዊነት ገጽ ላይ ይጠይቁ። ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ይወስዳል፤ ዋናው ቅጂ አይክላውድ ላይ ይቀራል። ጉግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ከኢሜይልዎ ጋር የጋራ ስለሆነ ቦታው መብቃቱን መጀመሪያ ይዩ፤ ካልበቃ ሁሉም አይሻገርም።

4. የባንክ አፖችንና የማረጋገጫ ኮድ የሚያመነጩ አፖችን አሮጌው ስልክ ላይ ያለው ሳይሰረዝ በአዲሱ ላይ ይክፈቱ።

ቴሌግራም ዝግጅት አይፈልግም፤ ሁሉም በሰርቨሩ ላይ ነው። ልዩነቱ ሚስጥራዊ ቻት ነው፦ ከተከፈተበት ስልክ አይወጣም። የማይሻገር ነገርም አለ። በገንዘብ የገዟቸው አፖች እንደገና ይገዛሉ፤ አፕል ዎች ደግሞ ከአንድሮይድ ጋር አይሠራም። ሰዓቱ ካለዎት ዋጋውን የመቀየር ወጪ አድርገው ይጻፉት።

በዙሪያ ያሉት ሰዎች

እዚህ ላይ ረጋ ማለት ይገባል፤ ከሁሉም ጠንካራው ገመድ ይህ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሄንሪ ታጅፈል በ1970 ባሳተመው ጥናት የብሪስቶል ተማሪዎችን የሠዓሊውን የክሌን ሥዕል የወደዱና የሌላውን ሠዓሊ የካንዲንስኪን የወደዱ ብሎ ከፈለ፤ ክፍፍሉ በእውነቱ በዘፈቀደ ነበር። ልጆቹ ግን ገንዘብ ሲያከፋፍሉ ለራሳቸው ወገን አደሉ። ወገን ለመሆን ይህን ያህል ትንሽ ምልክት ይበቃል።

አፕል በ2011 አይሜሴጅን ሲያወጣ ያስገባው ምልክት የመልእክት ቀለም ነው፦ አይፎን ለአይፎን ሰማያዊ፣ ሌላው አረንጓዴ። ኩባንያው የዚህን ጉልበት ያውቀዋል። የጌም ኩባንያው ኤፒክ ጌምስ በአፕል ላይ በመሠረተው ክስ በ2021 ይፋ በሆኑ ኢሜይሎች፣ ከአፕል ኃላፊዎች ክሬግ ፌደሪጊ በ2013 አይሜሴጅ በአንድሮይድ ቢኖር አይፎን የሚይዙ ቤተሰቦች ለልጆቻቸው አንድሮይድ እንዳይገዙ የሚያግደው መሰናክል ይነሳል ሲል፣ ፊል ሺለር ደግሞ በ2016 ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል ሲል ጽፈዋል። በመስከረም 2024 አፕል አርሲኤስን (ኤስኤምኤስን የሚተካውን አዲሱን የመልእክት ሥርዓት) ስለተቀበለ ዛሬ ጥራት ያለው ፎቶና ቪዲዮ ወደ አንድሮይድ ይሻገራል። ቀለሙ ግን አረንጓዴ እንደሆነ ቀርቷል።

ፈተናው ቀላል ነው። በብዛት የሚጻጻፏቸውን አሥር ሰዎች ይጻፉ፣ ከእያንዳንዱ ጎን የምትገናኙበትን አፕ። ከአሥሩ ሰባቱ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ከሆኑ ይህ ገመድ ለእርስዎ ላላ ነው፤ አዲስ አበባ ላለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። አሜሪካ ያለ ልጅ ያለው ወላጅ ግን የልጁን የክፍል ጓደኞች ሳይጠይቅ አይወስን፤ በልጅ ላይ ከቡድን መገለል እውነተኛ ሕመም ነው።

ከውጭ ስልክ የሚልክም ሰው ልብ ይበል፦ በአሜሪካ የሚሸጡ አይፎኖች ከ14 (2022) ጀምሮ የሲም ማስገቢያ የላቸውም። ተቀባዩ መስመሩን ወደ ኢሲም (ካርድ ወደማያስፈልገው፣ ስልኩ ውስጥ ወደተሠራው ሲም) ማዞር መቻሉን ሳያረጋግጡ መላክ ስጦታውን ያበላሻል።

ታማኝነት ሁሉ ወጥመድ ነው ማለት አይደለም። ቴክኖ ኢትዮጵያ ውስጥ ሰው ያፈራው አማርኛ የሚጻፍበት ስልክ፣ ከአንድ በላይ ሲምና ቶሎ የማያልቅ ባትሪ ይዞ ስለመጣ ነው። በአምስቱ መስፈርቶችዎ የሚያሸንፍ ብራንድ ይዘው ከሆነ ይቆዩበት።

ከለወጡ ግን አሮጌውን ስልክ ለ30 ቀን አይሽጡ፤ ያልተሻገረ ነገር የሚታወቀው በዚያ ጊዜ ነው። ሲሸጡም መጀመሪያ ከአይክላውድ አካውንትዎ ይውጡ፣ ከዚያ በውስጡ ያለውን ሁሉ ይሰርዙ። አካውንቱ ሳይወጣ የተሸጠ አይፎን በገዢው እጅ ላይ ተቆልፎ ይቀራል፤ ሊከፍተው የሚችለው የእርስዎ የይለፍ ቃል ነው።