የጨጓራ ቅነሳ ቀዶ ጥገና ሲወሳሰብ፦ ታማሚውና አስታማሚው የሚያደርጉት

ስሊቭ (ጨጓራው ተቆርጦ እንደ ቱቦ የሚጠብበት) ወይም ባይፓስ (ጨጓራው ተቀንሶ ከታች ካለው አንጀት ጋር የሚገጣጠምበት) ቀዶ ጥገና የተሠራ ሰው ሆዱ ውስጥ ነገር ሲበላሽ ሕመሙ እንደ ሌላው ሰው አይጮኽም። ትርፍ አንጀቱ የፈነዳበት ሰው ሆዱ እንደ ጣውላ ይደርቃል፣ እጅ አያስነካም። ከባድ ውፍረት ያለበት ሰው ግን የጨጓራው ስፌት ለቆ፣ ፈሳሹ ወደ ሆድ ዕቃው እየገባ እንኳ ሆዱ ለስላሳ፣ ሙቀቱም ደህና ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያሳብቀው የልብ ምት ነው። ስለዚህ አስታማሚው ሾርባ ማጥለል ከመልመዱ በፊት ምት መቁጠር ይልመድ።

ምት ሲቆጠር

ታማሚው 10 ደቂቃ ተቀምጦ ይረፍ። አመልካችና መሀል ጣትዎን ከአውራ ጣቱ ሥር ባለው የእጅ አንጓ ላይ ያሳርፉና የስልክ ሰዓት እያዩ ሙሉ 60 ሴኮንድ ይቁጠሩ። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ካለ እሱም ምት ያሳያል። በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ቆጥረው ከሙቀቱ ጋር ደብተር ላይ ይጻፉ። አንድ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ «ትናንት 84፣ ዛሬ ጠዋት 98፣ ማታ 116» የሚል መስመር ግን ሐኪሙን ከወንበሩ ያስነሣል።

ዕረፍት ላይ ሆኖ ከ120 በላይ ከመታ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሲደገምም ካልወረደ፣ ሆዱን አላመመውም ተብሎ አይታደርም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ከ100 እስከ 120 ከሆነ አብሮት ሌላ ምልክት መኖሩን ይዩ፦ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሙቀት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የማይቆም ስቅታ፣ የሽንት ማነስ፣ የግራ ትከሻ ሕመም፣ ወይም ታማሚው ራሱ ምክንያቱን የማያውቀው መቁነጥነጥና ፍርሃት። አንዱ ካለ ይሂዱ። ስለ ትከሻው አንድ ነገር፦ በቀዶ ጥገናው ጊዜ ሆድ ውስጥ የሚነፋው ጋዝም በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት ትከሻ ያሳምማል፤ እሱ ግን በየቀኑ እየቀነሰ ይሄዳል። እየባሰ የሚሄድ፣ ወይም ጠፍቶ የተመለሰ የትከሻ ሕመም ሌላ ነው።

ብዙ ቤተሰብ የሚዘናጋው «ውሃ አንሶት ነው» በሚለው ላይ ነው። የውሃ ማነስም ምት ያፈጥናል፣ እውነት ነው፤ በደም ሥር ፈሳሽ ተሰጥቶትም ያልወረደ ምት ግን የውሃ ጉዳይ ነው ተብሎ አይታለፍም። አቴኖሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል የተባለ የልብና የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ መድኃኒቱ ምቱን ስለሚይዘው 120 ላይደርስ ይችላል፤ እሱን ከራሱ የወትሮ ቁጥር ጋር ያነጻጽሩ።

ስፌት የሚለቀው ባብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ነው፤ በስሊቭ ግን ከዚያ ዘግይቶም ይመጣል። ቱርክ ወይም ሌላ አገር ሄዶ ተሠርቶ በሳምንቱ የሚመለስ ሰው ችግሩ የሚጀምረው ቤቱ ከገባ በኋላ ሊሆን ይችላል። ከሆስፒታሉ ከመውጣትዎ በፊት የቀዶ ጥገናውን ሙሉ ሪፖርት በእንግሊዝኛ በእጅዎ ይቀበሉ። «በኢሜይል እንልካለን» የሚለውን አይጠብቁ።

ድንገት ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከወጋ፣ ወይም አንድ እግር ከሌላው ይልቅ አብጦ ባቱ ካመመ የደም መርጋት ነው ብለው ይነሡ። ያበጠውን እግር አያሹ፣ ወጌሻም አያሳዩ፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ይሄዳል። ለመከላከያ የታዘዘው የኢኖክሳፓሪን (የደም ማቅጠኛ) መርፌ ሆዱ ጎን ላይ፣ ከእምብርት ራቅ ብሎ ይወጋል፤ የተወጋው ቦታ አይታሽም፣ ደህና ነኝ ተብሎም መሀል ላይ አይቋረጥም። እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ የሚያጣብቅና የሚከረፋ ሰገራ ደግሞ የውስጥ መድማት ነው። የአይረን ክኒንም ሰገራ ያጠቁራል፤ የእሱ ግን ቅርጹን የያዘና ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነው። ካልለዩት ተጠራጥረው ይሂዱ።

አዲስ አበባ ላይ አምቡላንስ በ907 ወይም በ939 ይጠራል፤ እስራኤል 101፣ አሜሪካ 911፣ አውሮፓ 112፣ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998።

ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ

ተረኛው ሐኪም እንዲህ ያለ ታማሚ ብዙ ጊዜ አይቶ ላያውቅ ይችላል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የእርስዎ ነው፦ «ባይፓስ ከተሠራሁ 9 ቀኔ ነው፤ ምቴ 128 ነው፤ ስፌቱ እንዳይለቅ ፈርቻለሁ።» በአንድ ገጽ ላይ የቀዶ ጥገናው ዓይነትና ቀን፣ የሠራው ሐኪም ስልክ፣ የሚወስዱት መድኃኒት፣ የመጨረሻው የደም ማቅጠኛ መርፌ ሰዓት፣ የምቱ ደብተር ቅጂም ይኑር።

ሦስት ነገር ቀድመው ይናገሩ። አንደኛ፣ በአፍንጫ የሚገባው ቱቦ አዲስ ስፌት ሊበሳ ስለሚችል ቀዶ ሐኪም ሳያማክሩ እንዳያስገቡ። ሁለተኛ፣ ለሲቲ ስካን የሚጠጣው ፈሳሽ በአንድ ትንፋሽ እንደማይገባ፤ በትንሽ በትንሹ እየተጎነጩ ነው የሚጠጣው። ሦስተኛ፣ ዳይክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ እንዳይወጉ፤ በተለይ በባይፓስ መገጣጠሚያ ላይ፣ ማለትም ጨጓራውና አንጀቱ በተሰፉበት ቦታ፣ ቁስል ያመጣል። ለሕመም ፓራሲታሞል ይጠይቁ። ሲቲ ስካኑ «ደህና ነው» ቢልም ምቱ ካልወረደ ወደ ቤት አይሂዱ፤ ፎቶ ላይ የማይታይ ስፌት መልቀቅ አለ፣ ቀዶ ሐኪሙ በካሜራ ገብቶ ማየት ሊኖርበት ይችላል።

ማስታወክና ግሉኮስ

እኛ ዘንድ የደከመ ሰው ሁሉ መድኃኒቱ «አንድ ግሉኮስ ይሰቀልለት» ነው። ጨጓራው ተቀንሶ ለቀናት ሲያስታውክ የቆየ ሰው ላይ ግን ግሉኮስ ብቻውን አደጋ ነው። ሰውነት የሚያጠራቅመው ቪታሚን ቢ1፣ ማለትም ታያሚን፣ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቢበቃ ነው። ስኳር ለማቃጠል ቢ1 ያስፈልጋል፤ ግሉኮሱ ሲገባ የቀረችውን ያሟጥጣትና አንጎል ይጎዳል። ዓይን ሁለት ሁለት ማየት ይጀምራል፣ አረማመድ እንደ ሰካራም ይሆናል፣ ሰውየው ቀንና ቦታ ይጠፋበታል፤ አንዳንዱ እግሩን ያቃጥለዋል፣ ይደነዝዘዋል። በጊዜ ካልተያዘ የማስታወስ ችሎታው ላይመለስ ይችላል።

ስለዚህ ከ2 እስከ 3 ቀን የጠጣውን መያዝ ያቃተው ሰው ቤት አይቆይ። ነርሷ ጠርሙሱን ስትሰቅል ጽሑፉን ያንብቡ፦ «ዴክስትሮዝ» (የግሉኮስ ሌላ ስሙ) የሚል ከሆነ «ታያሚን ገብቷል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ታያሚኑ ከግሉኮሱ በፊት ወይም አብሮት በመርፌ መግባት አለበት፤ ለሚያስታውክ ሰው ክኒን ዋጋ የለውም። የአንጎል ምልክት ከታየ ሐኪሞች የሚሰጡት መጠን ከፍ ያለ ነው፤ ከ200 እስከ 500 ሚሊግራም በቀን 3 ጊዜ በደም ሥር። የደም ምርመራው ውጤት እስኪመጣ አይጠበቅም።

ማስታወኩስ ከምን መጣ? በፍጥነት ከመብላት ከሆነ ጉርሻው ነው፦ ዘመድ በፍቅር የሚያጎርሰው አንድ ጉርሻ ለዚያች ጨጓራ ሙሉ ምሳ ነው። ትናንት የወረደው ዛሬ እየቀረ፣ በመጨረሻ ውሃም እንቢ ካለ ግን መጥበብ ነው፤ በባይፓስ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ላይ ይታያል፣ በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቱቦ፣ የጠበበው ቦታ በፊኛ ይለጠጣል።

ከድሬንና ከመመገቢያ ቱቦ ጋር ቤት መኖር

ስፌት የለቀቀበት ሰው ፈሳሹ በድሬን (ከሆድ ወደ ውጭ በሚያፈስ ቱቦ) እየወጣ፣ በአንጀቱ ቱቦ እየተመገበ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። በዚህ ጊዜ ትልቁ ፈተና ጠያቂ ነው። «አንድ ማንኪያ ሾርባ ምን ያደርገዋል?» ይላሉ። በአፉ የሚገባ ነገር በቀዳዳው ያልፋል፤ ቁስሉ ደርቆ እንዳይገጥም ያደርጋል። ሐኪሙ ካልፈቀደ ጠብታም አይሰጥ። አፉ ከደረቀ በረጠበ ጥጥ ይጠረግለት፣ ጥርሱን ይቦርሽ፣ ውሃውን ግን ይትፋ።

የድሬኑ ፊኛ ግማሽ ሲሞላ፣ ባይሞላም በቀን 2 ጊዜ ይራገፍ። እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ፈሳሹ በሚሊሊትር ይለካል፤ መጠኑና ቀለሙ ይጻፋል፤ ፊኛው ተጨምቆ አየሩ እንደወጣ ይከደናል። ከቁስሉ ዝቅ ብሎ ልብስ ላይ በመርፌ ቁልፍ ይያዝ፤ ተኝተው ሲገላበጡ ቱቦው እንዳይታጠፍ። ትናንት 80 ሚሊሊትር የነበረ ዛሬ ባዶ ሆኖ ሙቀት ከመጣ ድኗል ማለት አይደለም፣ ተደፍኗል። አረንጓዴ ከሆነ፣ ወይም የበሉት ነገር ከታየበት በዚያው ቀን ይደውሉ።

የመመገቢያው ቱቦ ከምግብ በፊትና በኋላ፣ በመድኃኒት መሀልም በ30 ሚሊሊትር ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ ይታጠባል፤ ቀን ሙሉ የሚንጠባጠብ ከሆነ በየ4 ሰዓቱ። አጥሚትና በሶ፣ የቱንም ያህል ቢቀጥን፣ በዚህ ቱቦ አይገባም፤ እንደ ሙጫ ይደፍነዋል። ከተደፈነ በ60 ሚሊሊትር ስሪንጅ ለብ ያለ ውሃ ቀስ እያሉ መግፋትና መሳብ ነው፤ ትንሽ ስሪንጅ ግፊቱ ስለሚበረታ ቱቦውን ይቀደዋል፣ ሽቦም አይሞከር። በሆድ ቆዳ የገባው ቱቦ ከወጣ በንጹሕ ጎዝ ሸፍነው ወዲያው ይሂዱ፤ ቀዳዳው በሰዓታት ውስጥ መዝጋት ይጀምራል። ራስዎ መልሰው አያስገቡት።

ከወራት በኋላ

ባይፓስ የተሠራ ሰው ከስቶ፣ ሱሪው ሁሉ ሰፍቶ ደስ ባለው ጊዜ የሚመጣ ሕመም አለ። ከምግብ በኋላ እንብርት አካባቢ ወይም ወደ ግራ ከፍ ብሎ ጨምድዶ ይይዝና ይለቃል፣ አንዳንዴ ወደ ጀርባ ያልፋል። ስቡ ሲቀልጥ አንጀቱ መሀል ክፍተት ተፈጥሮ አንጀት ሾልኮ ገብቶ ይሆናል። ሲለቅ ሲቲ ስካኑ ንጹሕ ይመስላል፤ ሲታነቅ ግን አንጀቱ በሰዓታት ይሞታል። እንዲህ ያለ ሕመም ሲደጋገም «ጋስትራይት ነው» ተብሎ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ብቻ ይዘው አይመለሱ፤ ባይፓስ ለሚሠራ ቀዶ ሐኪም ይታዩ። ነፍሰ ጡር ላይ ይህ ስጋት ይበልጣል፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር ሳያረግዙ መቆየት እንደሚመከርም አብሮ ይታሰብ።

የሚያቃጥልና ሳያቋርጥ የሚያም ከሆነ ደግሞ የመገጣጠሚያ ቁስል ሊሆን ይችላል፤ ሲጋራ፣ አይቡፕሮፌንና ኤች ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ዋነኞቹ አምጪዎች ናቸው። ኦሜፕራዞል ከታዘዘ ሐኪሙን «ካፕሱሉን ከፍቼ ልውሰደው?» ብለው ይጠይቁ፤ ከባይፓስ በኋላ ተከፍቶ ሲወሰድ ቁስሉ ቶሎ ይድናል፤ ፍሬዎቹን ግን አያኝኳቸው።

የስኳርና የግፊት መድኃኒት መጠን ከቀዶ ጥገናው ሳምንት ጀምሮ እንደገና ይታይ፤ ግሊቤንክላማይድና ኢንሱሊን በድሮው መጠን ስኳርን አውርደው ይጥላሉ፣ ሽንት የሚያሸናው ክኒን ደግሞ ውሃ ያደርቃል። ጾም፣ የፍስክ መከልከልም ሆነ የረመዳን፣ በውስብስብ ችግር ላይ ላለ ሰው አይታሰብም፤ ከዳነም በኋላ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲንና 1.5 ሊትር ፈሳሽ በሚገባበት መንገድ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ነው። ምስርና ሽምብራ ለብቻቸው ያን ቁጥር ለመሙላት ለትንሿ ጨጓራ ይበዛሉ፤ የፕሮቲን ዱቄት ማስገባት ግድ ይሆናል።