የአፓርትመንት ሚስጥራዊ ደንበኛ ሆነው ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ አፓርትመንት የሚያስተዳድሩ ድርጅቶች ሊዚንግ ኤጀንቶቻቸው (ቤት አሳይተው የሚያከራዩ ሠራተኞቻቸው) ቤት ፈላጊን እንዴት እንደሚያስተናግዱ ለማወቅ ተከራይ መስሎ የሚሄድ ሰው ይልካሉ። የሚላከው ሰው ይደውላል፣ ቀጠሮ ይይዛል፣ ቤቱን ዞሮ ያያል፤ ከዚያ ያየውንና የሰማውን በቅጽ ሞልቶ ያስገባል። ክፍያው ለአንድ ጉብኝት የተቆረጠ ዋጋ ነው፤ ሪፖርቱ ውድቅ ከሆነ ብዙውን ጊዜ አይከፈልም። በሌላ በኩል ውጤቱ የኤጀንቱን ቦነስ፣ አንዳንዴም እንጀራውን ይነካል። ከታች ያሉት ስህተቶች ወይ ማንነትዎን ያጋልጣሉ፣ ወይ ሪፖርትዎን የማይታመን ያደርጉታል።

መመሪያውን መኪና ውስጥ ማንበብ

ከሥራው ጋር የሚላክልዎ መመሪያና የሪፖርቱ ቅጽ ከመደወልዎ በፊት መነበብ አለባቸው። ኤጀንቷ ሲገቡ ተነሥታ ተቀበለችዎት? ስሟን ነገረችዎት? ስምዎን ጠይቃ በጨዋታ መሐል ተጠቀመችበት? ቤቱን ከማሳየቷ በፊት ምን እንደሚፈልጉ ጠየቀች? እነዚህን አስቀድሞ ያላነበበ ሰው አይቷቸውም ልብ አይላቸውም። ቤቱ ገብቶ ቅጹን ሲከፍት የቀረው አማራጭ መገመት ብቻ ነው።

መመሪያው የሚገመገመው ሰው የተወሰነ ኤጀንት መሆኑን ወይም ያገኙት ማንኛውም ሠራተኛ መሆኑን ይናገራል። የተፈለገው ኤጀንት ከሌለ ምን ማድረግ እንዳለብዎ አስቀድመው ይወቁ፤ አንዳንዱ አሠሪ ድርጅት «ሰበብ ፈጥረህ ውጣ» ይላል፣ ሌላው «ካገኘኸው ጋር ቀጥል» ይላል። ጉብኝቱ አንዴ ከተጀመረ መመለሻ የለውም፤ ያ ኤጀንት መልክዎን አውቋል።

ልብ ወለድ ተከራይ መሆን

አዲስ ሰው የሚሳሳተው አብዝቶ በመዋሸት ነው። ብዙ ቢሮዎች ቤቱን ከማሳየታቸው በፊት ፎቶ ያለው መታወቂያ ስለሚጠይቁ የተፈጠረ ስም በር ላይ ይፈርሳል። መመሪያው ሌላ ካላለ በእውነተኛ ስምዎ ይሂዱ፤ ሥራዎንም ከእውነቱ አያርቁት። ብዙ ቦታ ወርሃዊ ገቢ የኪራዩን ሦስት እጥፍ እንዲሆን ስለሚጠየቅ፣ የነገሩት ሥራ ከሚፈልጉት ቤት ዋጋ ጋር መሄድ አለበት። ኪራዩን ከድረ ገጻቸው ላይ አይተው በጀትዎን ይወስኑ።

የመግቢያ ቀን ደግሞ ብዙዎች የሚንሸራተቱበት ነው። ተከራዮች ለመልቀቅ አብዛኛውን ጊዜ የ30 ወይም የ60 ቀን ማስታወቂያ ስለሚሰጡ፣ ኤጀንቱ በእርግጠኝነት የሚያውቀው የሚቀጥለውን አንድ ሁለት ወር ክፍት ቤት ነው። «ከስድስት ወር በኋላ» ካሉ የሚያሳይዎት ቤትም የሚነግርዎት ዋጋም አይኖረውም፣ ግማሹ ቅጽ ባዶ ይቀራል። «የፊታችን ሰኞ» ካሉ ደግሞ ማመልከቻ እዚያው እንዲሞሉ ይገፋዎታል። መመሪያው ቀን ካልወሰነ ከ30 እስከ 45 ቀን ያለው ይበቃል። በስልክ ባለ ሁለት መኝታ ብለው ቢሮ ሲደርሱ ባለ አንድ እንዳይሉ፤ የተናገሩት በሙሉ ኮምፒውተራቸው ውስጥ ተመዝግቧል።

የስልክ ቁጥርዎና ኢሜይልዎም ይመዘገባሉ፤ ያው ድርጅት የሚያስተዳድረው ሌላ አፓርትመንት ሊያያቸው ይችላል። ስለዚህ የአንድን ድርጅት ሕንፃዎች በተቀራረበ ጊዜ የሚጎበኙ ከሆነ ሥራውን ለሚመድበው ሰው አስቀድመው ይንገሩ። የድምፅ መልእክት መቀበያዎ ላይ ያለውን ቅጂም ያዳምጡ። የንግድ ድርጅት ስም የሚጠራ ከሆነ ይቀይሩት።

ስልኩን እንደ ቀላል ነገር ማለፍ

ጥሪው ራሱን የቻለ ግምገማ ነው። የደወሉበትን ሰዓት ከነደቂቃው፣ ስንት ጊዜ እንደጠራ፣ ማን እንዳነሣ፣ ስንት ደቂቃ በመጠባበቂያ እንዳቆየዎት ይጻፉ። ቁጥርዎን ደብቀው አይደውሉ፤ መልሶ መደወሉን ማየት አይቻልም። ካልተነሣ በተለያየ ሰዓት ይሞክሩ፤ መልእክት የሚተዉት መመሪያው ከፈቀደ ብቻ ነው። ዛሬ ዛሬ ጥሪውን የጥሪ ማእከል ወይም የኮምፒውተር ድምፅ የሚቀበልባቸው ሕንፃዎች አሉ። እንዲህ ከሆነ የተገመገመው ኤጀንት አይደለምና ሪፖርት ከመሙላትዎ በፊት መዳቢውን ይጠይቁ።

በራስዎ ፈቃድ ድምፅ አይቅረጹ። እንደ ካሊፎርኒያ፣ ዋሽንግተን፣ ሜሪላንድ፣ ፔንሲልቬንያና ፍሎሪዳ ባሉ ግዛቶች የግል ንግግርን ለመቅረጽ የሁሉም ተናጋሪ ፈቃድ ያስፈልጋል። የሚቀረጽ ሥራ ከሆነ ፈቃዱ እንዴት እንደተገኘ ሥራውን የሰጠዎትን ድርጅት ይጠይቁ፤ መሣሪያውንም እሱ ባዘዘው መንገድ ብቻ ይጠቀሙ።

ለኤጀንቱ መልሱን ማጉረስ

ጥሩ ተከራይ መስሎ መታየት የሚፈልግ ሰው ሁሉንም «በጣም ያምራል» ብሎ ያልፋል። ቅጹ ግን ኤጀንቱ ቅሬታ ሲቀርብለት እንዴት እንደመለሰ ይጠይቃል። ስለዚህ ቢያንስ አንድ እውነተኛ ቅሬታ ያንሡ፤ ማድ ቤቱ ጠባብ ነው፣ የልብስ ማጠቢያው ሩቅ ነው፣ ያሰቡት ዋጋ ከዚህ ያንሳል። ከዚያ ዝም ይበሉ። ዝምታው ያስጨንቃል፤ ግን እሱን የሚሞላው ኤጀንቱ መሆን አለበት።

መጨረሻ ላይም እንዲሁ ነው። «ዛሬ ዲፖዚት ብከፍል ይያዝልኛል?» ካሉ፣ ኤጀንቱ ራሱ ቤቱን እንዲይዙ ይጠይቅ እንደነበር ከእንግዲህ ማወቅ አይቻልም። ጥያቄው ካልመጣ ቅጹ ላይ የሚሞላው «አልጠየቀም» ነው። ከመጣ ደግሞ ማመልከቻ አይሙሉ፣ ገንዘብም አይክፈሉ፤ «ከባለቤቴ ጋር ልመካከር» የሚል መውጫ ይበቃል።

የሙያ ቃላትም ያጋልጣሉ። ተራ ቤት ፈላጊ «ቅናሽ አለ?» ይላል እንጂ ስለ ኮንሴሽን (ለተከራይ ስለሚሰጥ ቅናሽ) እና ስለ ኦኩፓንሲ (ከቤቶቹ ስንቱ እንደተያዘ) አይጠይቅም። ማስታወሻም ቢሆን የቤቱ ፕላን ጀርባ ላይ ዋጋና የመኝታ ቁጥር መጫር ያምራል፤ ከዚያ ያለፈው ከግቢው ከወጡ በኋላ ነው። የአፓርትመንቱ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ተቀምጦ መጻፍ ከቢሮው መስኮት ይታያል።

ስለ ጎረቤት መጠየቅ

ይህን ስህተት እኛ ከማንም በላይ እንፈጽመዋለን። ሐበሻ ቤት ሲፈልግ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የእኛ ሰው ይበዛል?» ነው፤ ቀጥሎ «ሰፈሩ ሰላም ነው?» ይላል። ለራሱ ቤት ሲፈልግ ቢጠይቅ የሚገርም አይደለም። በግምገማ ላይ ግን ኤጀንቱን ወጥመድ ውስጥ መክተት ነው።

ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው ፌር ሃውዚንግ አክት ነው። ሕጉ በኪራይና በሽያጭ ላይ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖትና በትውልድ አገር ማበላለጥን ከለከለ፤ በ1974 ጾታ፣ በ1988 ደግሞ አካል ጉዳትና ልጅ ያለው ቤተሰብ ተጨመሩ። ኤጀንቱ «አዎ፣ ኢትዮጵያውያን የሚበዙት በዚያኛው ሕንፃ ነው» ብሎ ወደዚያ ከወሰደዎት ሰውን በማንነቱ ወደ አንድ ቦታ መምራት ሊባል ይችላል። ስለዚህ የሠለጠነ ኤጀንት ስለ ነዋሪው ማንነት አይናገርም፤ ስለ ወንጀል ሲጠየቅም ወደ ፖሊስ መረጃ ይመራዎታል። ይህን «ጥያቄዬን ሸሸ» ብለው ነጥብ ከቀነሱ ሥራውን በደንብ የሠራ ሰው ቀጡ ማለት ነው።

ተመሳሳይ ጥንቃቄ ስለ አጋዥ እንስሳት ያስፈልጋል። ለአካል ጉዳተኛ የሚያግዝ እንስሳ በሕጉ እንደ ቤት እንስሳ ክፍያ አይጠየቅበትም፤ መመሪያው ሳያዝዎት የውሻ ታሪክ አይፍጠሩ። አድልዎን ሆን ብሎ መፈተሽ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ለሱ የሠለጠኑ ሰዎች አሉ።

ኤጀንቱ ሳይጠየቅ አጠራጣሪ ነገር ከተናገረስ? «ስንት ሰው ነው የሚኖረው?» ችግር የለውም። «ልጅ ያላቸውን ከኋላ ነው የምናስገባው» ካለ ግን ቃሉን እንዳለ፣ ከምን ቀጥሎ እንደተናገረው ጨምረው ይጻፉ። «ሕግ ጥሷል» ብሎ መፍረድ የእርስዎ ድርሻ አይደለም።

ሪፖርት ላይ ስሜትን መጻፍ

«ኤጀንቷ ተግባቢ አልነበረችም» የሚለው ለማንም አይጠቅምም። «ስገባ ኮምፒውተሯን እያየች ‹አንድ ደቂቃ› አለች፤ ሦስት ደቂቃ ያህል ቆሜ ጠበቅሁ፤ ወንበር አልተሰጠኝም» የሚለው ግን ሥራ አስኪያጁ ሊያርመው የሚችል ነገር ነው።

ሪፖርት የሚመለስበት ትልቁ ምክንያት «አዎ» እና «አይ» የተባለው ከትረካው ጋር አለመግጠሙ ነው። «መዋኛውን አሳየች» ላይ «አዎ» ብለው ትረካው ውስጥ መዋኛ ከሌለ አርታዒው መልሶ ይልክልዎታል። ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሆን አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ይምረጡ፣ ሁሉንም በኃላፊ ጊዜ ይጻፉ። ለቋንቋ ማረሚያ ሶፍትዌር መጠቀም ይቻላል፤ ትረካውን እንዲጽፍልዎ ከሰጡት ግን ያልተባለ ንግግር ይጨምራል። ማስረከቢያው ብዙውን ጊዜ 24 ሰዓት ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ማምሻውን ሥራ ባለብዎት ቀን ጉብኝት አይያዙ።

ከጉብኝቱ በኋላ ኤጀንቱ ይደውል ወይም ይጻፍ እንደሆነ የሚጠበቅበት ጊዜ መመሪያው ላይ አለ። እስኪያልፍ አይመልሱ፣ አይሰርዙም፤ መልእክቱን ከነቀኑና ከነሰዓቱ ያስቀምጡ። ካለፈ በኋላ «ሌላ ቤት አገኘሁ» ብሎ መገላገል ይቻላል፣ ገምጋሚ እንደነበሩ ግን አይናገሩም። የፈረሙት ውል ያስርዎታል።

ገንዘቡን አለመጠበቅ

ሥራ ለማግኘት ክፍያ የሚጠይቅ ድርጅት ካጋጠመዎት ይተውት። ቼክ ልኮ «ባንክ አስገባውና የስጦታ ካርድ ገዝተህ ቁጥሩን ላክ» የሚል ደግሞ ሌባ ነው። ባንኩ ገንዘቡን ቼኩ እውነተኛ መሆኑ ሳይረጋገጥ ሊለቅልዎት ይችላል፤ ቼኩ ሲመለስ ዕዳው የእርስዎ ይሆናል። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ስለዚህ ማጭበርበር ደጋግሞ አስጠንቅቋል። ኤምኤስፒኤ አሜሪካስ የተባለው የዘርፉ ማኅበር የአባል ድርጅቶቹን ዝርዝር በድረ ገጹ ያወጣል፤ ከዚያ ማመሳከር ይቻላል።

የሚሠሩት በኮንትራክተርነት፣ ማለትም እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን በግል ነው። ይህም ሥራ ስለሆነ የሥራ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ በኤፍ-1 የተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ያለ ፈቃድ ከገባበት አሜሪካ ውስጥ የመቆየት መብቱን አደጋ ላይ ይጥላል። ግብር ከክፍያው ላይ አይቆረጥልዎትም፤ ከወጪ ቀሪ የግል ሥራ ገቢዎ በዓመት 400 ዶላር ከደረሰ የራስ ሥራ ግብር አለብዎ። ለሥራው የነዱትን ማይል ከገቢው ላይ መቀነስ ይቻላል፣ ለዚህ ግን ቀኑን፣ የሄዱበትን ቦታ፣ ምክንያቱንና ማይሉን በዕለቱ የያዘ መዝገብ ይኑርዎት። ብዙዎች ይህን የሚያስታውሱት የግብር ወቅት ሲደርስ ነው፤ ያኔ ደግሞ ማይሉን ከግምት ውጪ የሚያገኙበት መንገድ የለም።